ጊታሩ አልሞተም፣ አኩርፏል፦ የራሽን «ሲግናልስ» ሸክላ አንድ ወር ሰማሁት

ጌዲ ሊና አሌክስ ላይፍሰን እንደገና መድረክ ልንወጣ ነው ብለው በ2025 ካስታወቁ ወዲህ የምሠራበት ጋራዥ ሰላም የለውም። ቡና ላይ ክርክር ነው። ምሳ ላይ ክርክር ነው። መኪና ተሰቅሎ ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ በምንጠብቅባት አሥር ደቂቃም ክርክር ነው። ርዕሱ ደግሞ አይቀየርም። ራሽ ኪቦርድ ሲያበዛ ተበላሸ ወይስ አደገ?

ባንዱን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ራሽ እኔ የምኖርባት የቶሮንቶ የሮክ ባንድ ነው። በ1968 ተመሠረተ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሦስት ሰዎች ናቸው። ጌዲ ሊ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ይዘፍናልም። ላይፍሰን ጊታር ነው። በ1974 የገባው ኒል ፒርት ድራሙን ይመታ ነበር፤ አብዛኛውን ግጥም የጻፈውም እሱ ነው። ሲጀምሩ ጊታራቸው የሚያጓራ፣ ድምፃቸው ጣሪያ የሚያነሳ ወጣቶች ነበሩ። ፒርት ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 አረፈ። ያኔ ብዙው አድናቂ ባንዱም አብሮት አበቃ ብሎ ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ግን አኒካ ኒለስ የምትባል ጀርመናዊት ድራመር ይዘው ለ2026 ጉዞ አስታወቁ። ቶሮንቶም ዝርዝሩ ውስጥ አለች።

ክርክሩ ዞሮ ዞሮ አንድ ሸክላ ላይ ነው የሚያርፈው። በሴፕቴምበር 1982 የወጣው «ሲግናልስ»። የድሮውን ራሽ የሚወዱ «እዚህ ላይ ነው የጠፉት» ይላሉ። የኋለኛውን የሚወዱ ደግሞ «እዚህ ላይ ነው የተገኙት» ይላሉ። እኔ ዘፈኖቹን በስልክ እየቆራረጥኩ ነበር የማውቃቸው። በሰው ክርክር መሃል እንደዚያ ገብቶ ማውራት አይሆንም። ስለዚህ ሸክላውን ገዝቼ፣ ቁጭ ብዬ፣ ከዳር እስከ ዳር ልሰማው ወሰንኩ። ይኸው አንድ ወር ሆነኝ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። አሮጌ ሸክላ ከሚሸጥበት ሱቅ በ25 የካናዳ ዶላር አገኘሁት። ያ የመጀመሪያው ቅጂ ግን አናደደኝ። ላዩን ስታዩት ያበራል። ቤት ወስጄ ሳይድ ኤ መጨረሻ ላይ ስደርስ መርፌው ተቀርቅሮ አንዲት ቃል ይደጋግም ጀመር። ይዤው ብመለስ ሻጩ «አሮጌ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኙን አገላብጬ አየሁት፤ እንደዚያ የሚል ነገር የለበትም። ተጨቃጭቄ ወጣሁና ከሌላ ሱቅ በ30 ዶላር ሌላ ገዛሁ። ይኼኛው ደህና ነው። አሮጌ ሸክላ ስትገዙ የየሳይዱን የመጨረሻ ዘፈን እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰሙኝ በሉ። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል፤ የሸክላው ድካምም የሚሰማው እዚያ ነው።

ሽፋኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ነጭ ውሻ ቀይ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ያሸታል። ከውሻው በታች ሣር ነው። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። የሠራው ሂዩ ሳይም ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጋራዡ ውስጥ የኪቦርድ ዋና ጠላት አንድ ባልደረባዬ ነው። ዊሎውዴል ነው ያደገው፤ ጌዲ ሊና ላይፍሰን ያደጉበት ሰሜን ቶሮንቶ ያለ ሰፈር። በ1982 የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የወጣውን «ሙቪንግ ፒክቸርስ» እስኪያልቅ ሰምቶታል። ጋዜጣ እያደለ ባጠራቀማት ብር «ሲግናልስ»ን በወጣ ሰሞን ገዛ። ቤቱ ወስዶ መርፌውን አሳረፈ። ከዚያ ምን አደረገ? ሸክላውን አነሳና መሃሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። ሱቁ ተሳስቶ የሌላ ባንድ የከተተበት መስሎት። ይህን ሲያወራ አሁንም ፊቱ ይቀላል። ከአርባ ዓመት በኋላ!

አልፈርድበትም። መርፌው ሲያርፍ ትንሽ ይንሾካሾካል፤ ከዚያ የሚመጣው ኪቦርድ ነው። ዘፈኑ «ሰብዲቪዥንስ» ይባላል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ቅዝቃዜ አለው። ምቱ በሰባት ይቆጠራል። በስምንት ለለመደ እግር አንድ ደረጃ የጎደለው መሰላል እንደመውረድ ነው። ልትረግጡ ስትሉ መሬቱ ቀድሞ ይመጣል። የፒርት ድራም ሲገባ ያ ጎዶሎ ምት ይስተካከላል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይስተካከልም። እሱ እንዲያውም እዚያው ጎዶሎው ውስጥ ተመቻችቶ ይቀመጣል።

ጊታሩስ? አለ። ከኋላ ቆሞ ክፍት ኮርዶችን እየመታ ያስተጋባል። መጨረሻው አካባቢ ሶሎ አለው። ግን ዘፈኑን የተሸከመው ኪቦርዱ ነው። ባልደረባዬን ያስቀየመው ይኼ ነው።

እኔን ደግሞ የያዘኝ ይኼው ነው። ዘፈኑ የሚያወራው ስለ ከተማ ዳርቻ ሰፈር ነው። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነበት፣ ልጁ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለሚጠበቅበት፣ ካልሆነ ደግሞ ከጓደኛ ስለሚገለልበት ሰፈር። እኔ ያ ሰፈር ውስጥ ነው የምኖረው። ዊሎውዴል። በሁለቱ ልጆች ስም የተሰየመው ሊ ላይፍሰን አርት ፓርክም እዚሁ ዊሎውዴል ነው። በበረዶው ወራት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲል ይጨላልማል። የመንገድ መብራቱ በአንድ ጊዜ ቦግ ይላል። ልጄ አምና ሃይስኩል ሲገባ አንድ ጥቁር ጃኬት ካልተገዛልኝ ብሎ አስጨነቀኝ። ዋጋው ያስደነግጣል፤ ገዛሁለት። በሳምንቱ ልወስደው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ወጡ። ሁሉም ያንን ጃኬት ለብሰዋል። ልጄን ከመሃላቸው መለየት አቃተኝ። እሱ ነው መጥቶ የመኪናውን መስታወት ያንኳኳው።

ያንን ምሽት የሚመስል ድምፅ ጊታር አያወጣም። ጊታር ሙቀት አለው፤ የሰው እጅ ክሩን ሲያሻሽ ይሰማል። ያ ሰፈር የሚሰማው እንደ ኪቦርዱ ነው። እኩል፣ ለስላሳ፣ ብርድ ያለበት። ስለዚህ ኪቦርዱ ለማሳመሪያ የገባ አይመስለኝም። ነገሩን የሚናገረው እሱ ነው።

ኪቦርዱ ድንገት ዱብ ያለ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ደግሞ ታሪኩን ይዘልላሉ። በ1976 የወጣው «2112» ሲከፈት የሚሰማውን ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅ በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ኪቦርድ፣ ማን ተጫወተው? ሂዩ ሳይም፤ ያ ባለውሻው ሠዓሊ። የሽፋን ሠዓሊያቸው ነው የመጀመሪያውን ሲንተሳይዘር ይዞላቸው የገባው። በ1977 «ኤ ፌርዌል ቱ ኪንግስ» ላይ ጌዲ ሊ ሚኒሙግ የሚባል ሲንተሳይዘር ጨመረ። በእግር የሚረገጥ፣ ቶረስ የሚባል የባስ ፔዳልም ጨመረ። ፒርት ደወል ጨመረ፣ የእንጨት ቃጭል ነገር ጨመረ፤ ድራሙ ዙሪያውን ከቦት አጥር ሆነ። ጊታሪስቱም አልቀረም። ረጅሞቹን ዘፈኖች መድረክ ላይ ሲጫወቱ ላይፍሰንም ሊም ሁለት አንገት ያለው ጊታር ይዘው ይቆሙ ነበር። ባልደረባዬ የሚምልበት «ሙቪንግ ፒክቸርስ» ራሱ «ቶም ሶየር»ን የሚከፍተው በሲንተሳይዘር ጉርምርምታ ነው። ይህን ስነግረው «እሱ ቅመም ነው፤ ይኼኛው ግን ወጡ ራሱ ሆነ» የሚል መልስ ሰጠኝ። ቃሉ ሌላ ነበር፤ ወደኛ ስመልሰው እንዲያ ነው የሚሆነው። እውነት አለው። «ሲግናልስ» ላይ ቅመሙ ወጥ ሆኗል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ይህን ሁሉ ድምፅ መድረክ ላይ የሚያወጡት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። አራተኛ ሰው አልቀጠሩም። የድሮ ኮንሰርታቸውን ቪዲዮ ካገኛችሁ ጌዲ ሊን እዩት። ቤዝ ጊታሩ አንገቱ ላይ ነው። አፉ ማይክ ላይ ነው። ሁለት እጁ ኪቦርዱ ላይ ሲሆን ቤዙ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ያኔ የቤዙን ሥራ እግሩ ይረከባል። እግሩ አያይም እንጂ ያውቃል። ከዚያ እጁ ወደ ቤዙ ይመለሳል፣ እግሩ ያርፋል፣ አፉ ግን አላቆመም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወታለሁ። እየተጫወትኩ አዝማች መቀበል ራሱ ያልበኛል። በአምስት የሚቆጠር ምት ላይ፣ በእግር ቤዝ እየመታ፣ በዚያ ቀጭን ድምፅ ከፍ ብሎ የሚዘፍን ሰው ለኔ ተአምር ነው።

አዎ፣ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ስለዚህ ለኪቦርድ ብከራከር አትፍረዱብኝ። ግን ይህን ጉዳይ ከኔ በተቃራኒ ሆኖ የሚያየው፣ የማከብረው ሰው አለኝ።

ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ካለ የኛ ሰው ቡና ቤት እሑድ እሑድ የማገኛቸው አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ባንዱ ስምንት ሰው ነበር። በሰማንያዎቹ ሥራ አስኪያጁ አንድ ኪቦርድ አስገዛ። በዓመቱ ባንዱ አምስት ሰው ሆነ። ነፊዎቹ ሦስቱም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኪቦርዱ ላይ «ብራስ» የምትል ቁልፍ ነበረች፤ እሷን ሲጫኗት የእሳቸው ድምፅ ይወጣል። ጋሼ ይህን ሲያወሩ አይቆጡም። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ለዚህ ነው የሚከብደኝ። እኔ ቅዳሜ የማገኘው ገንዘብ የነማን እንደነበር አውቃለሁ።

ያ ዘመን ለኛ ሙዚቃ ጥሩ ነገር አላመጣም ማለቴ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሲመጣ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የድራም ማሽን አስተባብሮ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠራ። ያንን ካሴት ሰምቶ ማሽን ነው የተጫወተው የሚል ሰው ጆሮውን ይመርመር። ግን ጋሼ ፊት ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

እና «ሲግናልስ»ን ለጋሼ አሰማኋቸው። ቤቴ ጋበዝኳቸው፣ ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ ሸክላውን አሳረፍኩ። ሮክ ሰምተው አያውቁም ማለት ይቻላል። ዓይናቸውን ጨፍነው ሳይድ ኤን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው? ጊታሩን ገደሉት የሚሉ ሰዎች አሉ።»

«የለም» አሉ። «አልሞተም። አኩርፏል። አንተ ልጅ፣ ባንድ ውስጥ ኖሬ አውቀዋለሁ። ያኮረፈ ሰው አጨዋወት ነው። አለ፤ ግን ከበሩ ሥር ነው የተቀመጠው።»

የገረመኝ ላይፍሰን ራሱ ከዓመታት በኋላ በቃለ ምልልስ ደጋግሞ ያነሳው ቅሬታ ይኼው መሆኑ ነው። ሸክላው ላይ ጊታሩ ከኪቦርዱ ሥር ተቀበረ ብሎ ያምናል። ጋሼ ይህን አያውቁም። በጆሯቸው ነው ያገኙት።

እውነቱን ለመናገር ይህ የሸክላው ትልቁ እንከን ነው። ጥፋቱ የኪቦርዱ አይመስለኝም። የሚክሲንጉ፣ ድምፆቹን የማመጣጠኑ ሥራ ነው። ኪቦርዱና ጊታሩ አንድ ከፍታ ላይ ይጋፋሉ፤ ሁለቱም መሃሉን ይፈልጋሉ፣ መሃሉን ደግሞ ኪቦርዱ ወስዶታል። በትንሽ ስፒከር ከሰማችሁት ጊታሩ ጭራሽ ይጠፋል። በስልክ ስሰማው የነበረው ለዚህ ነው ያልገባኝ። ደህና የጆሮ ማዳመጫ አድርጉና ስሙት፤ ላይፍሰን ዳር ላይ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ያኔ ትሰማላችሁ። በተለይ ሁለተኛው ዘፈን «ዘ አናሎግ ኪድ» ላይ። እሱማ ፏ ያለ ጊታር ነው! በሩጫ ነው የሚገባው። ኪቦርዱ እዚያ ላይ የሚመጣው አዝማቹ ሰፋ ሲል ብቻ ነው። ባልደረባዬን «ይኼንንስ ዘፈን?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ «አንድ ዘፈን ነው» አለኝ። «ዲጂታል ማን» ላይም ጊታሩ ወደ ሬጌ የተጠጋ አመታት ይዞ እንደ ልቡ ይጫወታል፤ ቤዙ ደግሞ ዘፈኑን ይዞት ይዞራል። መጀመሪያ የገዛሁት ቅጂ የተቀረቀረው እዚህ ዘፈን ላይ ስለነበር አሁን ስሰማው ሳላስበው ትንፋሼን እይዛለሁ።

«ኬሚስትሪ» እና «ዘ ዌፐን» አልያዙኝም። ሁለተኛው ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው፤ አራቱ ይበቃው ነበር። «ኒው ወርልድ ማን» የሸክላውን ጎደሎ ደቂቃ ለመሙላት መጨረሻ ላይ በጥድፊያ የተሠራ ነው። ግን ካናዳ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ አሜሪካ ውስጥ 21ኛ ደረጃ ደረሰ፣ እዚያ ይህን ያህል ከፍ ያለ ሌላ ዘፈን አልነበራቸውም። ቀላል፣ ደስ የሚል ነው። የመጨረሻው «ካውንትዳውን» በ1981 ኮሎምቢያ የምትባለው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመጥቅ ቦታው ድረስ ሄደው አይተው የጻፉት ነው። የበረራ ቁጥጥሩ ድምፅ እውነተኛ ነው፤ ልጄ ይህን ወደደው። እኔን ግን ከዜማው ይልቅ ዜናው በለጠብኝ።

ይህን ሁሉ ያለፍኩት ከመጨረሻው በፊት ያለውን አንድ ዘፈን ለማውራት ነው። «ሉዚንግ ኢት»።

ዕድሜዋ ሲገፋ እግሯ አልታዘዝ ያላት ዳንሰኛ አለች። ቃል የከዳው ጸሐፊ አለ። ዘፈኑ ስለነሱ ነው። ምቱ በአምስት ይቆጠራል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው፤ እንደሚያነክስ ሰው። እና መሃሉ ላይ ቫዮሊን ይገባል። ኤሌክትሪክ ቫዮሊን ነው፤ የተጫወተው ቤን ሚንክ የተባለ፣ ኤፍኤም የሚባል የቶሮንቶ ባንድ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ሲጀምር ያለቅሳል አልልም። ይከራከራል። ከፍ ይልና ክሩ ሊበጠስ ሲል ይመለሳል። ላይፍሰንም ከሥሩ ገብቶ ይመልስለታል። ሸክላው ላይ ጊታሩ ኩርፊያውን የሚረሳው እዚህ ነው።

ሸክላውን ገልብጬ ሳይድ ቢን ለጋሼ ሳሰማ፣ እዚህ ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይኼ ሰው ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። ከሌላ ባንድ ጠርተውት ነው።»

«ያ ማሽን ቫዮሊን አያወጣም ነበር?»

ያወጣል። ጌዲ ሊ ያኔ ጁፒተር 8 የሚባል ሲንተሳይዘር ነበረው፤ የክር መሣሪያ ድምፅ ከፈለገ ቁልፍ ተጭኖ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ነገርኳቸው።

«እያለው ሰው ጠራ?»

«እያለው ሰው ጠራ።»

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «መልሰህ አሰማኝ» አሉ። መርፌውን አነሳሁና መለስኩ። ሦስት ጊዜ ሰማነው። ሦስተኛው ላይ የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ሲንቀሳቀሱ አየሁ፤ ሦስቱ ጣቶች፣ ትራምፔት እንደሚጫኑ።

ለኔ ከዚያ ቀን በኋላ ክርክሩ መልኩን ቀየረ። ጋራዥ ውስጥ የምንጨቃጨቀው ስለ መሣሪያ ነው፤ ጊታር ይሻላል፣ ኪቦርድ ይሻላል። ጋሼ የጠየቁት ሌላ ነው። መሣሪያው ሲገባ ማን ወጣ? ራሽ ውስጥ ማንም አልወጣም። ጊታሪስቱ አኮረፈ እንጂ አልተሰናበተም። ኪቦርዱ ሥራ ጨመረባቸው እንጂ ሰው አልቀነሰላቸውም። የወጣ ቢኖር ፕሮዲዩሰራቸው ቴሪ ብራውን ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አብሯቸው ነበር፤ «ሲግናልስ» የመጨረሻው ሆነ። ኩቤክ ውስጥ ሞሪን ሃይትስ ያለው ለ ስቱዲዮ ገብተው በ1982 ጸደይና በጋ የቀዱት ይህ ሥራ የአንድ ቤተሰብ የመጨረሻ ማዕድ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ባሰበት። በ1985 «ፓወር ዊንዶውስ» ላይ ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ የክር ኦርኬስትራ ጨመሩ፣ የመዘምራን ድምፅም ጨመሩ። በ1987 «ሆልድ ዩር ፋየር» ሲመጣ ባልደረባዬ ሸክላ መግዛት አቁሞ ነበር። እኔ «ፓወር ዊንዶውስ»ን እወደዋለሁ፤ እዚያ ላይ ላይፍሰን ኪቦርዱ መሃል ቀዳዳ እየፈለገ መጫወትን ተክኖታል። ከ1989ኙ «ፕሬስቶ» ጀምሮ ኪቦርዱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። በ2002 «ቬፐር ትሬይልስ» ላይ ጭራሽ ወጣ። ከ1975 ወዲህ ኪቦርድ የሌለበት የመጀመሪያ አልበማቸው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጊታር ጊታር ሲሉ ለነበሩት ደስታ መሆን ነበረበት አይደል? አልሆነም። ድምፁ ከመጠን በላይ ጮኸ ተባለ፤ ጆሮ የሚያደክም ሆነ። በ2013 እንደ አዲስ ሚክስ ተደርጎ ወጣ። ባልደረባዬም ይህን አልበም ወዶት አያውቅም። ለምን ብዬ ብጠይቀው «አየር የለውም» አለኝ። አየሩን ያመጣው የነበረው ማን እንደሆነ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ያ ያልቀጠሩት ሰው መጣ። በ2012 የጀመረው የ«ክሎክወርክ ኤንጀልስ» ጉዞ ላይ ቫዮሊንና ቼሎ የሚጫወቱ ሰዎች መድረክ ላይ አብረዋቸው ወጡ። በባንዱ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ከሌላ ሙዚቀኛ ጋር እንዲያ የዞሩት። «ሉዚንግ ኢት»ን ደግሞ ከተቀዳ 33 ዓመት ሙሉ መድረክ ላይ አልተጫወቱትም ነበር። የመጀመሪያው በጁን 2015 እዚሁ ቶሮንቶ ነው፤ ቤን ሚንክ ራሱ ቫዮሊኑን ይዞ ወጣ። ያኔ እኔም እዚህ ከተማ ነበርኩ። የዚያን ቀን ማታ ምን ስሠራ እንደነበር አላስታውስም። ያንገበግበኛል።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፦ አዎ። ራሽን ሰምቶ ለማያውቅ ግን መጀመሪያ «ሙቪንግ ፒክቸርስ»ን እላለሁ። እሱ ላይ ጊታሩም ኪቦርዱም እኩል ይተነፍሳሉ፤ አሜሪካ ውስጥም ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል፣ «ሲግናልስ» አሥረኛ። እሱን አንድ ሳምንት ስሙና ወደዚህኛው ኑ። አሮጌውን ሸክላ ካገኛችሁ ከ30 ዶላር በላይ አትክፈሉ፤ ብዙ ነው የታተመው፣ አይጠፋም። ቤዙን ትንሽ ቀነስ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ትንሽ ጨመር አድርጉ፤ ላይፍሰን ያኔ ከበሩ ሥር ተነስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሙዚቃ የምትጫወቱ ከሆነ ሳይድ ቢን ማታ ብቻችሁን ስሙት።

ሸክላው አሁን እኔ ጋ የለም። ጋሼ ባለፈው እሑድ ወሰዱት። ማጫወቻ የላቸውም፤ የልጃቸው ቤት አለ ብለው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሚሲሳጋ ሠርግ አለኝ፣ ሙሽራው ሙሉ ባንድ ይፈልጋል። ትራምፔታቸው አሁንም እንዳለ ጠየቅኳቸው። አልጋ ሥር ነው አሉኝ፤ ቫልቩ ዘይት ይፈልጋል። ዘይት እኔ ጋ ሞልቷል አልኳቸው። የጋራዡ ዘይት እንደማይሆን ግን አስረግጠው ነግረውኛል፣ ለትራምፔት የሚሆነውን ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እገዛለሁ።